የቀረ ፉርጎ

ሙስ ጆ ላይ ጥር ነው፤ በረዶው እስከ ጉልበት፤
የኦረስት ምድር ቤት ግን መስከረም አለበት።
ደረጃው አሥራ ሦስት፤ ከመጨረሻው ላይ
ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት፣ ደመና ያጣ ሰማይ፣
ኦረስት ራሱ የቀባው ግድግዳ ላይ።

ማክሰኞ ማክሰኞ አምስት ነበርን፤
ጫማ አውልቀን፣ በካልሲ ተሹለክልከን፣
በክርናችን አገር እንዳንደፋ ተጠንቅቀን።

እዚያ ሁሉም ነገር ሰማንያ ሰባት ጊዜ አንሷል፦
ሰውየው ጥፍር ያህል፣ ፈረሱ ባቄላ ያህል፣
ስንዴው በመቀስ የታጨደ የበር ምንጣፍ፣
ወንዙ የረጋ ሙጫ፣ ዳክዬ የተጣበቀበት አፋፍ ላፋፍ።

ዝገቱ ግን እውነት ነው። ማርጎ ትሠራዋለች፤
ጠመኔ ትፈጫለች፣ በብሩሽ ትነሰንሳለች፣
ትናንት የተገዛ ፉርጎ ሠላሳ ዓመት ታስረጃለች።
አንዲት ጣውላ መርጣ ነጣ ታደርግና
«እዚህ ጋ በሠላሳ ስምንት በረዶ መታው» ትላለች።

ሎርን ነው ያስተማረኝ። ፍሬን ያዥ ነበረ፣
በእውነተኛው ሐዲድ ሠላሳ አንድ ዓመት ያደረ፣
ከግራ እጁ ሁለት ጣት ፉርጎ ሲያጋጥም ያስቀረ።
«እንግዳ» ይለኝ ነበር «እጀታውን እስከ ጥግ ያዞራል፤
ባቡሩን እንደ ፈረስ ያስጋልባል።
ጭነት አይጋልብም። አርባ ፉርጎ ስንዴ ከኋላሽ አለ።
መጀመሪያ ያስባል።
ከዚያ ይንገታገታል።
ከዚያ ነው የሚሄድ።»

የግድግዳው ሰዓት በስድስት እጥፍ ይሮጣል፤
ሰዓቱን አፍጥነን ዓመቱን ቸንክረናል።
እያንዳንዱ ፉርጎ የጉዞ ወረቀት አለው፣
ከየት እንደመጣ፣ ምን ለማን እንደጫነው፤
ወረቀት የሌለው አይነቃነቅም፣
ኦረስት በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ሎርን ሞተ።
ወንበሩን የሚያነሣ ጠፋ፤
አራታችን ዙሪያውን ስንዞር፣ ስንሸሸው፣
ድመቷ ወጣችና ተኛችበት።

ዛሬ፣ ቬርና ጣቢያ፣ ከስንዴ ጎተራው ጀርባ፣
የላላ ሽቦ ልፈልግ ባትሪ ይዤ ስጎነበስ
አንድ ፉርጎ አየሁ፣ አቧራ የለበሰ፤
የማርጎ ጠመኔ አይደለም፣ የገዛ ራሱ አቧራ።
ቁጥሩ አራት፣ አንድ፣ አንድ፣ ሰባት፣ ስምንት።
ወረቀቱ ከጣውላው ስንጥቅ ተሸጉጧል፣
በሦስት ጣት ግራ እጅ የተጻፈ፣ የሰኔ ቀን ያለበት፦
«ቬርና ላይ ስንዴ ይጫን። ወደ ቫንኩቨር።»

«ረስቶት ነው» አለ ዊልፍ።
«ሎርን ፉርጎ አይረሳም» አለች ማርጎ፣ ተቆጥታ።
ኦረስት መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፤
«ወረቀቱ ምን ይላል?»
ነገርኩት።
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ወደ ኋላ ተጠጋሁ፣ ቀስ፣ አሁንም ቀስ፤
ጠቅ።
አርባ የነበረው ባቡር አርባ አንድ ሆኖ አሰበ።
ዊልፍ፣ ሦስት ክንድ ርቆኝ ተቀምጦ፣ በስልክ
«መስመሩ ያንቺ ነው» አለኝ፤
የመንገደኛውን ባቡር ለጭነት አስቆመው፣
ደንቡ ተገለበጠ፤ ማንም አልተናገረ።

ሜዳውን አቋረጥን። ድልድዩ ላይ አዘገምኩ፤
ከሥሩ አንድ ቀለሙ የለቀቀ ሰው ዓሣ ያጠምዳል፣
ሎርን ነው ያስቀመጠው፤
እኛ ስናውቀው አንድም አልያዘ።

ቫንኩቨር እንዲያው ቀዳዳ ናት፣ ከተሳለው ተራራ ሥር፤
ከግድግዳው ወዲያ ባዶ ጣውላ፣ የውሃ ማሞቂያ፣
የኦረስት ሚስት ኮምጣጤ ውስጥ የዘፈዘፈችው ኪያር።
ይህን ሁላችን እናውቃለን።
ግን የኋለኛዋ ቀይ መብራት ቀዳዳው ውስጥ እስክትጠልቅ
ማንም አልተነፈሰም፤
ድመቷ ብቻ አንድ ጆሮዋን አዞረች።

ኦረስት ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ገለበጠው፤
ጀርባውም የሎርን ጽሕፈት ነው፦
«ባዶ። ወደ ቬርና ይመለስ።»
«በሚቀጥለው ማክሰኞ» አለና ከሣጥኑ ከተተው።

አሥራ ሦስት ደረጃ ወጣሁ። ጥር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
መኪናዬ በረዶ ለብሳለች፤ ቁልፉን አዞርኩ።
መጀመሪያ አሰበች።
ከዚያ ተንገታገተች።